የኪራይ ችግኞች

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ ሆኜ የተመረጥኩት በሙሉ ድምፅ ነው። ድምፁ ሙሉ ሊሆን የቻለው እኔ ስላልነበርኩ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ጎፋ የታክሲ ሰልፍ ይዞኝ አርፍጄ ስደርስ የመምህራን ስብሰባ ተበትኗል። ባልደረቦቼ አዳራሹ በር ላይ ቆመው እየሳቁ "እንኳን ደስ አለሽ!" አሉኝ። በመምህርነት ጥቂት የቆየ ሰው፣ ሳያስበው እንኳን ደስ አለህ ከተባለ መፍራት እንዳለበት ያውቃል። ፈራሁ።

የማስተምረው ኅብረተሰብ ነው። ያደግኩት ጎፋ፣ ግቢው ከጥግ እስከ ጥግ በሲሚንቶ በተለሰነ ቤት ውስጥ ነው። በሕይወቴ ያሳደግኩት ተክል አንድ ሬት ብቻ ነበር። ሬት ተነቅሎ ጣሪያ ላይ ቢጣል እንኳ አይሞትም ይባላል። የእኔው ሞቷል። ይህንኑ ለዳይሬክተሩ አስረዳሁት።

"መምህርት፣ ክበቡ እኮ ሥራ የለውም" አለኝ እያባበለ። "የጎደለው ተጠሪ ብቻ ነው።"

እውነቱን ነበር። ክበቡ አንድ ማኅተም፣ አንድ መዝገብ፣ እና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ "ዛፍ ሕይወት ነው" የሚል ወረቀት ነበረው። ሰሌዳው የተቸነከረበት ቋሚ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ከነበረ ጽድ የተቆረጠ ነው።

ትምህርት ቤታችን ከላፍቶ ወደ ታች፣ አስፋልቱ ደክሞት ኮረኮንች የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም ቁልቁል ያየናል፤ በሌላው በኩል ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ጥቁር ማሳ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ማሳው በየዓመቱ ያንሳል፤ ኮንዶሚኒየሙ በየዓመቱ ይጠጋል። ከተማሪዎቻችን ግማሾቹ ከጥንት ጀምሮ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ አባትየው ጠዋት ያርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይነዳል። ግማሾቹ ደግሞ ወላጆቻቸው ከደቡብ መጥተው የተከራዩ፣ እሁድ እሁድ ከቆርቆሮ ጸሎት ቤታቸው መዝሙር የሚሰማ ናቸው።

ዘበኛችን ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የተሠራው በእሳቸው ማሳ ላይ ነው። መሬቱ ለልማት ሲወሰድ በምትኩ ያገኙት ሥራ የዚያኑ መሬት በር መጠበቅ ሆነ። ተማሪዎቹ አባባ ይሏቸዋል። እኔም ከተማሪዎቹ ሰምቼ አባባ ማለት ጀመርኩ።

በመስከረም መጨረሻ ዳይሬክተሩ በድጋሚ ሰበሰበን። አንድ ፕሮጀክት ተገኝቷል። ስሙ "የገጠር ወጣቶች የተግባር የአካባቢ ትምህርት" ይባላል።

"ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ገጠር ነን" አለ።

የሒሳብ መምህሩ እጁን አወጣ። "አምና እኮ የከተማ ትምህርት ቤቶች ፕሮጀክት ውስጥ ነበርን። ኮምፒውተሮቹ የመጡት ከተማ ስለሆንን ነው።"

"ያ አምና ነው" አለ ዳይሬክተሩ። "ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ተበላሽተዋል።"

ዜናውን ለተማሪዎቹ የመንገሩ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ነገርኳቸው። ከኮንዶሚኒየም የሚመጣ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ቲቸር፣ ምን አጥፍተን ነው ገጠር የተደረግነው?" አለኝ። የገበሬዎቹ ልጆች ደግሞ በአንድ ቀን ማዕረግ እንዳገኙ ሁሉ ደረታቸውን ነፉ። እስከዚያን ቀን ድረስ በሬ እንዳላቸው ይደብቁ የነበሩ ልጆች የበሬያቸውን ስም ለክፍሉ መንገር ጀመሩ።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር። አሠልጣኙ ጫፉ ሹል የሆነ ጫማ ያደረገ፣ ነጭ ሸሚዙ ካውያ ካውያ የሚሸት፣ ትሑት ወጣት ነበር። "ይህ ሥልጠና መቶ በመቶ ተግባራዊ ነው" ብሎ ጀመረና መጋረጃው እንዲዘጋ፣ አምፖሉ እንዲጠፋ አዘዘ። ፕሮጀክተሩ በራ። ግድግዳው ላይ አፈር የዘገነ እጅ ታየ።

"ይህ ምንድን ነው?"

ተማሪዎቹ ዝም አሉ። ጥያቄው ከመቅለሉ የተነሣ ወጥመድ ሳይኖርበት አይቀርም ብለው ነው። በመጨረሻ አንዱ ደፍሮ "አፈር" አለ።

"ጎበዝ! አጨብጭቡለት!"

አጨበጨብን። ከዚያ ሻይ ወጣን። በሁለተኛው ቀን የችግኝ አተካከል ደረጃዎችን ተማርን። የመጀመሪያው ደረጃ ባለድርሻ አካላትን መለየት ነው። ሁለተኛው ባለድርሻ አካላትን ማወያየት ነው። ጉድጓድ የሚባለው ነገር የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በሥዕል ነው። በሦስተኛው ቀን ገና ከመጀመራችን መብራት ጠፋ።

"እስኪመጣ እንጠብቅ" አለ አሠልጣኙ። ጠበቅን። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን፣ ውጪ ፀሐይ የግቢውን ቆርቆሮ እያንጫጫ፣ መብራት እስኪመጣ ጠበቅን።

የክበቡ ሊቀመንበር ያኔ ነው የተነሣችው። ሊቀመንበርዋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ልጅ ናት። እናቷ መካኒሳ አቦ አካባቢ ጉሊት ዘርግታ ጎመንና ሽንኩርት ትሸጣለች። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ በእነሱ ቤት ውሸት ትልቅ ኃጢአት ነው። ትምህርት ቤታችን በዚህ ጉዳይ ላይ የጠራ አቋም አልነበረውም።

"ጋሼ፣ አፈሩ እኮ ውጪ አለ" አለች።

አሠልጣኙ ፕሮጀክተሩን አየ፣ በሩን አየ። ሌላ ምክንያት ሲያጣ "ጥሩ ሐሳብ ነው" አለ። ወጣን። ከክፍሎቹ ጀርባ ያለው መሬት ዝናቡ ከቆመ ጀምሮ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። አሠልጣኙ ፊቱ በራ።

"ተማሪዎች፣ ተመልከቱ! ይህ ስንጥቅ የአየር ንብረት ለውጥ ተጨባጭ ማስረጃ ነው።"

ተማሪዎቹ ሊጽፉ ደብተራቸውን ከፈቱ። ዘበኛው በትራቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆመው ነበር።

"ኮቲቻ ነው፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን አሉ አባት?"

"ጥቁሩ አፈር። ኮቲቻ ነው የምንለው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አባቴ ሳይወለድም ይሰነጠቅ ነበር።"

ደብተሮቹ ተዘጉ። አሠልጣኙ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ የእግዜር ነገር ሳቀ። በዚህ ሳቁ ነው እስከ ዛሬ የማልጠላው። "እርስዎ የት ነው የሠለጠኑት?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ማን ያሠለጥነኛል? በሬ ነው ያሠለጠነኝ።"

ሲመሽ ሁላችንም የምስክር ወረቀት ተሰጠን። እኔ "በተግባር የአካባቢ ትምህርት ብቁ" ተብዬ ተፈረመልኝ። ዘበኛው ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ አልተሰጣቸውም። ወንበሮቹን ሰብስበው አዳራሹን ቆለፉ።

በማግስቱ ሊቀመንበርዋ ወደ መምህራን ክፍል መጥታ፣ "ቲቸር፣ ለምን አባባ አያስተምሩንም?" አለችኝ። ለዳይሬክተሩ ብነግረው ደብዳቤ ይጻፍ፣ ይታይ፣ ይወሰን ሊል ነው። ስለዚህ አልነገርኩትም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ከክፍሎቹ ጀርባ መገናኘት ጀመረ።

ዘበኛው ማስተማራቸውን አያውቁም ነበር። ሥራ የሚያሠሩን ነበር የሚመስላቸው። "ያንን ዶማ አምጣ። አንቺ፣ እንደ ማንኪያ አትያዥው" ይላሉ። "አንቺ" የሚሉት እኔን ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፤ በሁለተኛው ፈነዳ። በሦስተኛው ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ አንቺ ውሃ አጠጪ" ብለው በአዘኔታ ዝቅ ወዳለ ሥራ አዛወሩኝ። ጉድጓድ ቆፍረን ቅጠል፣ የሻይ ቤቱን ልጣጭ፣ አመድና ፍግ እየደረብን ብስባሽ አዘጋጀን። ፍጉን የሚያመጡት በቅርቡ ማዕረግ ያገኙት የበሬ ባለቤቶች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘበኛው እጄን ይዘው ክምሩ ውስጥ ከተቱት። ከውስጥ ይሞቃል። ደንግጬ ሳወጣው ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የበሰበሰ ነገር እንደ ሕፃን ገላ ይሞቃል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በኅዳር ዘር አመጡ። "ኤጀርሳ ነው" አሉ። ወይራ ማለታቸው ነው። ዘሩ እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው፤ ቅርፊቱን በጠጠር በስሱ ሰንጥቀን፣ ውሃ ውስጥ አሳድረን፣ በተጣለ የወተት ላስቲክና በተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ አፈር ሞልተን ዘራነው። ቅርፊቱን ስንሰነጥቅ ብዙ ተማሪ ጣቱን መትቷል። አንዷ ጥፍሯ ጠቁሮ ለወር ያህል በኩራት ስታሳይ ከርማለች።

"መቼ ነው የሚበቅለው?" አልኳቸው።

"ሲፈልግ።"

በታኅሣሥ አልፈለገም። በጥርም አልፈለገም። ተማሪዎቹ በየቀኑ በተራ እያጠጡ፣ አፈር የተሞላ ላስቲክ ሲያዩ ይውላሉ። የሒሳብ መምህሩ በዚያ ሲያልፍ "ደኑ እንዴት ነው?" ይለኛል።

በየካቲት ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። ዳይሬክተር ሲሮጥ አይቼ ስለማላውቅ ሰው የሞተ መሰለኝ። "እንግዶች ይመጣሉ! ከፕሮጀክቱ! ሐሙስ!" ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከክፍሎቹ ጀርባ ወስጄ የሠራነውን አሳየሁት። ብስባሹን አየና አፍንጫውን ያዘ። የዘር መደባችንን ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ወይራ።"

"የታለ?"

"ውስጥ ነው ያለው።"

"መምህርት" አለ፣ እንደታመመ ሰው በለሆሳስ፣ "እንግዶች ሐሙስ ነው የሚመጡት። ውስጥ ያለ ነገር ማሳየት አልችልም።"

ረቡዕ ከሰዓት አንድ አይሱዙ በአበባና በችግኝ ተሞልቶ ግቢ ገባ። በትልልቅ ጥቁር ላስቲክ የተተከሉ የሎሚ ችግኞች፣ ጽጌረዳ፣ ዘንባባ፣ ስሙን የማላውቀው ቀይ ቅጠል። አብሮ የመጣው ሰው የሠርግ ዲኮር ሠሪ ነው። ለካ ዳይሬክተሩ ችግኞቹን ገዝቶ ሳይሆን ተከራይቶ ነው።

"ለአንድ ቀን ነው" አለ ዲኮር ሠሪው እየደጋገመ። "ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ። ላስቲኩ እንዳይነካ!"

እናም ሐሙስ ጠዋት፣ በሰልፍ ሰዓት ፋንታ፣ ክበቡ በሙሉ የሠርግ ችግኝ ከነላስቲኩ ቀበረ። እኔ ነኝ ያሰለፍኳቸው። አፌ ውስጥ ብዙ ቃል ነበር፤ ግን ዓመታዊ ግምገማዬን የሚሞላው ዳይሬክተሩ ነው፤ ቃሉን ዋጥኩት። ዘበኛው ጉድጓዱን አብረውን ቆፈሩ። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ "በየካቲት የሚተከለው የሞተ ሰው ብቻ ነው" አሉ። የወይራ መደባችን በአሮጌ ባነር ተሸፈነ። ባነሩ ላይ "ትውልድን በዕውቀት እንገንባ" ይላል።

ለተማሪዎቹ ቲሸርት መጣ። ቲሸርቱ ለትልቅ ሰው የተሰፋ ስለሆነ የሦስተኛ ክፍሎቹ እንደ ቀሚስ ለብሰውት፣ እየረገጡት ሲወድቁ አረፈዱ።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። ዋናዋ እንግዳ ፀጉራቸው የሸበተ የውጭ አገር ሴት ናቸው፤ ጫማቸው የጉዞ ጫማ፣ ጥፍራቸው አጭር። ጥፍራቸውን ሳይ፣ ይህች ሴት አፈር ታውቃለች አልኩ በልቤ። ትሑቱ አሠልጣኝም አብሯቸው ነበር። አትክልቱን ሲያይ ወዲያው ገባው፤ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ሰማይ ሰማዩን ነው ያየው። ዳይሬክተሩ የእንግሊዝኛ መምህር ስለነበር ማስተርጎሙን ራሱ ያዘ።

ሴትዮዋ ሊቀመንበርዋ አጠገብ ቆሙ። አንዱን የሎሚ ችግኝ እያሳዩ፣ ስለዚህኛው ንገሪኝ አሏት። ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ።

"ይሄን ዛሬ ጠዋት ከነላስቲኩ ቀበርነው" አለች በዚያ በትልቁ ድምፅዋ። "ማታ ባለቤቱ ሲመጣ እናወጣዋለን።"

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ብመልሰው እንዲህ ይላል፦ "ጠዋትና ማታ እንደሚንከባከቡት ነው የምትነግርዎት።"

ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው የልጅቷን ራስ ዳሰሱ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ሴትዮዋ ቁጢጥ ብለው አፈሩን ነኩ። ከአፈሩ በላይ የጥቁሩ ላስቲክ ጠርዝ እንደ ውስጥ ልብስ ብቅ ብሎ ነበር። በጣታቸው ያዙት። ሳብ አደረጉት። ሥሩ ይታፈናል፣ ላስቲኩ መውጣት አለበት አሉ፤ ይህ ያለ አስተርጓሚ ለሁላችንም ገባን።

የዳይሬክተሩ ፊት የቡና ገለባ መሰለ። ግን ሰው የሚታወቀው በጭንቅ ጊዜ ነው። "ሆን ብለን ነው የተውነው" አለ። "ተማሪዎቹ ስሕተት ፈልገው እንዲያርሙ። ዘዴያችን ነው።"

ሴትዮዋ ዓይናቸው በደስታ በራ። ወዲያው ተንበርክከው ችግኙን አወጡ፣ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደዱ፣ አስተካክለው መልሰው ተከሉት። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው እናንተም አድርጉት ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ከሰባ የማያንሱ ዓይኖች ወደ እኔ ዞሩ። "ቲቸር?" አለችኝ ሊቀመንበርዋ። ከሴትዮዋ ጀርባ ዳይሬክተሩ በራሱ፣ በእጁና በቅንድቡ "በፍጹም" እያለኝ ነው። ያ ቅጽበት በሕይወቴ ረጅሙ ቅጽበት ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት የዋጥኩት ቃል ሁሉ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ፤ ሲወጣ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የሆነው።

"ቅደዱት።"

እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ አላየሁም። ልጆቹ ቲሸርታቸውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው ይነቅላሉ፣ ይቀድዳሉ፣ ይተክላሉ። ዘበኛው በመካከላቸው እየዞሩ "አፈሩን ርገጠው! ቀጥ አድርጊው!" ይላሉ። እንግዶቹ ፎቶ ያነሣሉ። አሠልጣኙ ሰማይ ማየቱን ትቶ፣ ሹል ጫማውን አውልቆ ውሃ መቅዳት ጀመረ። በዚያ ፕሮጀክት ዘመን መቶ በመቶ ተግባራዊ የሆነው ሥልጠና ይህ ብቻ ነው።

እንግዶቹ ሄዱ፤ አሥር ሰዓት ላይ አይሱዙው መጣ። ዲኮር ሠሪው ከጋቢናው ወርዶ የተቀዳደደውን የላስቲክ ክምር ሲያይ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

"ጉድ ሠራችሁኝ! ቅዳሜ ሙሽራዋን በምን መሐል ላስገባት?"

"ተረጋጋ ወንድሜ" አለ ዳይሬክተሩ።

"እንዴት እረጋጋለሁ? ላስቲኩ እንዳይነካ አላልኩም? አባት፣ እርስዎ አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ" አሉ ዘበኛው። "ግን አሁን ተተክለዋል። ችግኝ እንደ ሚስት ነው፤ ወስደህ ወስደህ አትመልስም።"

ሰውየው እንባ ቀረሽ ሆነ። አሳዘነኝም፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። በመጨረሻ ነገሩን የፈታችው ሊቀመንበርዋ ናት። መጋዘን ውስጥ ባዶ የሲሚንቶና የእህል ጆንያ እንዳለ ታውቃለች። ክበቡ ችግኞቹን ከነአፈራቸው በጥንቃቄ እያወጣ፣ በጆንያ እየጠቀለለ፣ በገመድ እያሰረ አይሱዙው ላይ ጫነለት። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ መቆፈር ነበር፤ ማንም ግን አላጉረመረመም። ዲኮር ሠሪው እየተራገመ ሄደ። ኋላ እንደሰማሁት ሠርገኞቹ ጆንያውን ሆን ተብሎ የተሠራ መስሏቸው ወደዱት፤ አሁን አሁን በአንዳንድ ሠርግ ላይ ችግኝ በጆንያ ታስሮ በሪባን አጊጦ ሳይ ወደ ሌላ አቅጣጫ እዞራለሁ።

አርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ ሊቀመንበርዋን "ወላጅ ይዘሽ ነይ" አላት። እናቷ ጉሊቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጣች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከልጇ አጠገብ ቆመች። እኔም ተጠርቼ ነበር።

"ልጅዎ እንግዳ ፊት ትምህርት ቤቱን አዋረደች" አለ ዳይሬክተሩ።

"ምን ብላ?"

ዳይሬክተሩ መልሱን ጀምሮ አቆመው። የተናገረችውን ቢደግመው፣ ያደረገውን መናገሩ ነው።

"ያልተገባ ነገር ነው የተናገረችው።"

"ውሸት ነው?"

"ውሸት እንኳ አይደለም..."

"ጌታ ይባርክዎት፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ" አለች እናትየዋ። "ውሸት ካልሆነ ምኑን ነው የምቆጣት? ይንገሩኝና ልቆጣት።"

ትንኮሳ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ዳይሬክተሩ ብዕሩን ከፈተ፣ ዘጋ። በመጨረሻ "ሂዱ፣ በቃ" አለ። በሩ ሲዘጋ እኔንም ይወቅሰኛል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና "መምህርት፣ እኔም እኮ አስተማሪ ነበርኩ" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ያን ጊዜ ከማዘን ሌላ አልቻልኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፕሮጀክቱ ደብዳቤ መጣ። ትምህርት ቤታችን "ስሕተትን እንደ ማስተማሪያ የመጠቀም ፈጠራ የታከለበት ዘዴ" በማዳበሩ ይመሰገናል፤ ተሞክሮውም ለሌሎች ይስፋፋ ይላል። ዳይሬክተሩ በፍሬም አሰቀለው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ልምድ ሊቀስሙ መጡ። ዘዴውን ማስረዳት የእኔ ተራ ነበር። "መጀመሪያ መሳሳት ነው" አልኳቸው። በጥንቃቄ ጻፉት።

ወይራው በሚያዝያ፣ የበልጉ ካፊያ ሲያባራ፣ ፈለገ። ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበርዋ ክፍሌን ያለ ፈቃድ ከፍታ ገባች። "ቲቸር ወጣ!" ብቻ ነው ያለችው። ትምህርቴን ትቼ ተከትያት ሮጥኩ፤ ክፍሉም ተከትሎን ሮጠ። ሁለት ቅጠል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የማያህል። ዘበኛው ተጎንብሰው አዩት። "እህ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ታላቅ ንግግር ነው። ከዘራነው የበቀለው ከግማሽ በታች ነበር፤ የቀረው እስከ ዛሬ አልፈለገም።

ዘበኛው ግን በዚያው ክረምት አይተከልም አሉ። "ሕፃን ነው። ዓመት ይቆይ።" ተማሪዎቹ ተናደዱ፤ ዓመት ለልጅ ዕድሜ ልክ ነው። ቢሆንም ተጠበቀ። በመካከሉ ፕሮጀክቱ አለቀ፣ የፕሮጀክቱ ባነር ከበሩ ላይ ወረደ፣ እኛም በሌላ ደብዳቤ ተመልሰን ከተማ ሆንን።

በሚቀጥለው ሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሆኖ ሳለ፣ የክበቡ ልጆች በዝናብ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበርዋ ስምንተኛን ጨርሳ፣ ሚኒስትሪ ተፈትና፣ ውጤት የምትጠብቅበት ጊዜ ነው። ከመካኒሳ በእግሯ ጭቃ እያቦካች መጣች። ኮቲቻው አብጦ ጫማችንን እየነጠቀ ይይዛል። ከአጥሩ ሥር እስከ ወንዙ ቁልቁለት ድረስ መትከል ጀመርን።

ዳይሬክተሩ የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። አልጠራሁትም። በጥላ፣ በኮት፣ ሱሪውን ሰብስቦ ቆሞ አየን። ዙሪያውን ተመለከተ።

"ፎቶ የሚያነሣ የለም እንዴ?"

"የለም" አልኩት።

ይሄዳል ብዬ ነበር። ጥላውን አጥፎ አጥሩ ላይ ሰቀለው፤ ኮቱን አውልቆ ከጥላው በላይ አደረገው። አንድ ችግኝ አንሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባና አፈር መለሰበት። ዘበኛው መጥተው አዩት።

"ዳይሬክተር፣ ግንዱን እስከ አንገቱ ቀበርከው። ይተንፍስ እንጂ።"

"እስከ የት ነው?"

"እስከዚህ።" ጎንበስ ብለው እጁን ያዙና በእጁ አሳዩት።

ዳይሬክተሩ አወጣው። መልሶ ተከለው። ዘበኛው ራሳቸውን ግራ ቀኝ ነቀነቁ። ሌላ ችግኝ አነሣ፤ እሱንም አሳረሙት። አምስተኛው ችግኝ ላይ ዘበኛው ምንም ሳይሉ አለፉት፤ ዳይሬክተሩ እኔን ዞር ብሎ አየኝ፣ የመጀመሪያ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ፊት ነበረው። ሸሚዙ በጭቃ ተለውሷል።

ከዚያ ወዲህ ፍየል ጥቂቱን በላችው። ለቧንቧ የተቆፈረ ቦይ አንድ ረድፍ ወሰደ። የተረፈው ጉልበቴ ጋ ደርሷል፤ ወይራ ችኩል አይደለም። ሊቀመንበርዋ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ናት፤ በክረምት ትመጣና ቅጠሉን እየነካች ትቆጣኛለች፣ አረም አላወጣሽም እያለች። ዳይሬክተሩ ወደ ወረዳ ተዛውሯል፤ አልፎ አልፎ ይደውልልኝና ስለ ሌላ ነገር እየተጨዋወትን ቆይተን፣ ሊዘጋ ሲል፣ "አምስተኛዬስ እንዴት ነው?" ይለኛል። ደህና ነው እለዋለሁ። ደህና ነው፤ እውነቴን ነው።